ሚኒሞዋ ከፍ ያለች መኪና

የማሰልጠኛ መኪና ቆማ ሳለች ድምፅዋን አዳምጡ። ጠዋት ጠዋት በአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ በቆሼ አካባቢ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ለጥፈው ከሚንፏቀቁት አሮጌ ዲኤክሶች አንዷ አጠገብ ቆም ብትሉ፣ ማርሽ ሳይገባላት፣ ማንም ነዳጅ ሳይሰጣት፣ ለብቻዋ ጮክ ብላ ስታጉረመርም ትሰማላችሁ። ታማ አይደለም። ካርቡሬተሯ ላይ ያለችውን፣ መኪናዋ ቆማ ሳለች የሞተሩን ዙር የምትወስነውን የሚኒሞ ብሎን አንድ ሰው ጠበቅ አድርጓታል። ጤነኛ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በደቂቃ 700 ወይም 800 ዙር ገደማ ይበቃዋል። የልምምድ መኪና ግን ከ1,000 በላይ ስታዞር ብትገኝ ለእኛ ለአሰልጣኞች ወሬ አይሆንም።

ይህን ለሰልጣኝ የሚነግር የለም። ሚኒሞዋ ከፍ ያለች መኪና ፍሪሲዮኑ በድንገት ቢለቀቅ እንኳን ቶሎ አትጠፋም። ሰልጣኙ ነዳጅ መስጠቱን ረስቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ እሷው ራሷ ጎትታ ትወስደዋለች። ፊቱ በደስታ ይበራል፤ «ገባኝ!» ይላል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ዛሬ አንዴም አልጠፋብኝም ብሎ ያወራል። እሱ ገና አልገባውም። የገባው ብሎኑን ያጠበቀው ሰው ነው።

ሌላው ምስጢር ያለው ከእኔ እግር ሥር ነው። ጋቢና ለምንቀመጠው ለእኛም ፔዳል አለን፤ ፍሬን መቼም አይቀርም፣ ብዙዎቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ፍሪሲዮንም ይጨመራል። ፍሬኑ ለነፍስ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። ፍሪሲዮኑ ግን በአብዛኛው ለገበያ ነው። ሰልጣኙ መታጠፊያ ላይ ሲደናገርና ከኋላው የተሰለፈው ሚኒባስ ክላክሱን ሲያስጮህበት፣ የእኔ እግር ሳይታይ ጠለቅ ይላል። መኪናዋ ሳትንቀጠቀጥ፣ ሳትጠፋ ትቆማለች። ሰልጣኙ በራሱ ተገርሞ ዞር ብሎ ያየኛል፤ እኔ ያን ጊዜ ውጭ ውጭውን አያለሁ።

እንዴት ይታወቃል ለሚለኝ፣ ምልክቱን ልስጣችሁ። ሁለቱ ፔዳሎች የተያያዙ ናቸው። የግራ እግራችሁ ያረፈበት ፔዳል እናንተ ሳትገፉት ከሥራችሁ ወደ ታች ከሸሸ፣ በዚያች ቅጽበት የምነዳው እኔ ነኝ። አንዴ ሁለቴ ቢሆን ደግ ነው፤ ሰው ከመግጨት ይሻላል። በየመታጠፊያው ከሆነ ግን ለሰዓቱ የከፈላችሁት የእኔን እግር ለማለማመድ ነው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ጀርባ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት ሳያቋርጥ ይሽከረከራል። ፊት ለፊቱ ሸራ የለበሰ ዲስክ አለ፤ ዲስኩ የካምቢዮው ነው፣ በካምቢዮው በኩል ጎማውን ያዞራል። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ዲስኩ ከቮላኖው ይላቀቃል፤ ሞተሩም ለብቻው፣ ጎማውም ለብቻው ይሆናል። ስትለቁት ሸራው ቮላኖው ላይ ተጣብቆ ሁለቱ አብረው ይዞራሉ። ከመላቀቁና ከመጣበቁ መካከል ሸራው እየተንሸራተተ መያዝ የሚጀምርበት፣ የፔዳሉ ጉዞ ሲለካ ከሁለት ጣት የማይበልጥ ቦታ አለ። «ያዘ» የምንለው እሱን ነው። ማንዋል መኪና መንዳት ያን ቦታ በእግር ማወቅ ነው። መሪው፣ መስታወቱ፣ ፍሬቻው በማንኛውም መኪና ላይ አለ፤ ይህ ግን የማንዋል ብቻ ነው።

ችግሩ ቦታው በሁሉም መኪና አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ሸራዋ ያለቀ መኪና ፔዳሉ ሊያልቅ ሲል፣ ከላይ ነው የምትይዘው። ሸራዋ አዲስ የሆነች፣ ገመዷ በደንብ የተስተካከለች መኪና ግን ገና እግር ከወለሉ ከመነሳቱ ትይዛለች። የእኛ መኪኖች ከጠዋት እስከ ማታ በጀማሪ እግር የሚታሹ ስለሆኑ አብዛኞቹ ከላይ ያዦች ናቸው። እዚያ የለመደ ሰው መንጃ ፈቃዱን ይዞ የአጎቱ አዲስ ሱዙኪ ዲዛየር ላይ ሲወጣ እግሩ የሚያውቀው ቦታ ላይ ሳይደርስ መኪናዋ ዘላ ትጠፋለች። አጎቱ ስቆ «የት ነው የተማርከው?» ይለዋል። የት እንደተማረማ ይታወቃል፤ ሚኒሞዋ ከፍ ባለ፣ ሸራዋ ባለቀ መኪና ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት መሆን የነበረበት መሪ ማዞር አይደለም። ሜዳ ላይ፣ ደልዳላ ቦታ፣ አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ቀኝ እግር ከነዳጁ ርቆ ይቀመጣል። ተረከዝ ወለል ላይ ያርፍና ግራ እግር ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ ይመልሳል። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ መሪው በእጅ ላይ ይርገበገባል፣ የመኪናዋ አፍንጫ ቀና የማለት ነገር ያሳያል። እዚያ ላይ ቁሙ፤ እግራችሁን አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። መኪናዋ መንፏቀቅ ስትጀምር መልሳችሁ ርገጡ። እስኪሰለቻችሁ ድረስ ይህንኑ ደጋግሙት። እግር በዚህ መንገድ ቦታውን ካወቀ ሌላ መኪና ላይም በሁለት ሦስት ሙከራ ያገኘዋል። ሚኒሞው ከፍ ባለ መኪና ላይ ግን ድምፁ አይወፍርም፣ መሪው አይርገበገብም፤ እግሩ የሚማርበት ምልክት ሁሉ ጠፍቷል።

ታዲያ ለምን እንዲህ ይደረጋል? ነገሩ ሸራ ነው። ያ እየተንሸራተተ የሚይዝበት ቦታ ሸራ የሚበላበትም ቦታ ነው። አንድ ጀማሪ እዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ሲለማመድ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ጋቢና ድረስ ይመጣል፤ የቆሼን ሽታ ለለመደ አፍንጫ እንኳን ይለያል። ሸራ ለመቀየር ካምቢዮ ይወርዳል። ካምቢዮ ከወረደ መኪናዋ ጋራዥ ውላ ታድራለች፤ ዕቃው ከሶማሌ ተራ ይገዛል፤ የተመዘገቡት ሰልጣኞች ወደ ሌላ መኪና ይገፋሉ፤ እዚያም ወረፋ ይሆናል። ባለቤቱ ጠዋት ቁልፍ ሲሰጥ የሚላት አንድ ነገር «ሸራ እንዳታስበሉ» ናት። አሰልጣኙ ደሞዙን ያስባል። ሚኒሞ ከፍ ይላል፤ ሰልጣኙ ቶሎ ቶሎ ለቆ ይሄዳል፤ ሸራው ይተርፋል።

በባለቤቶቹ ላይ ብቻ መፍረድም ከባድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሎ ነበር የመጣው። ሌላ አገር ቢሆን ብረቷ ይቀልጥ የነበረች ዲኤክስ እዚህ አገር የአንድ ቤተሰብ ሀብት ሆና ቀረች። ሀብቱን ማንነቱን ለማያውቀው ጀማሪ በሰዓት የሚያከራይ ሰው እንቅልፍ ባያገኝ አይገርምም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሰልጣኙ ግን የከፈለው ለሸራው ዕድሜ አይደለም።

ለመኪና ማቆም ልምምድ ሜዳ ላይ ስለሚተከሉት ዘንጎችም ላንሳ፤ ይህ እንኳን ምስጢርም አይባል፣ ሜዳ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። በዘንጎች መካከል ወደ ኋላ ማስገባት የምናስተምረው መኪና በማስቆም ጥበብ አይደለም፤ በምልክት ነው። «ሁለተኛው ዘንግ የኋላ መስኮቱ ጥግ ላይ ሲደርስ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፤ የፊተኛው በግራ መስታወት ሲገባ መልስ።» ሰልጣኙ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ዘንጉን አንድ ክንድ ብታርቁበት፣ ወይም ከዲኤክስ አውርዳችሁ ቪትዝ ላይ ብታስቀምጡት ይጠፋዋል፤ ምክንያቱም የቪትዝ መስኮት ጥግ ሌላ ቦታ ነው። አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የሚያወራው ስለ አሽከርካሪ ብቃት ነው፤ ሜዳው ላይ የሚወራው ስለ ዘንግ ነው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሰልጣኙ ራሱ ነው «ዘንጉን ብቻ አሳየኝ» የሚለው። መንገድ ላይ ልውሰድህ ብትሉት ሰዓቴን ጨረስክብኝ ብሎ ይቆጣል።

የቆሼ መንገድ ግን እምቢ ቢሉትም ያስተምራል። ከዘነበወርቅና ከአለርት አለፍ ብሎ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረበት ጉብታ አለ። ወደዚያ የሚታጠፉ የቆሻሻ መኪኖች ጭነታቸው ከባድ ነው፤ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰቱ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። በቀለበት መንገዱ የሚመጣው ሲኖትራክ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ሰልጣኝ ከቆሻሻ መኪና ኋላ ሲገባ ማለፍ አይችልም፣ መቆም ደግሞ ከኋላ ያለው አይፈቅድለትም፤ ያለው አማራጭ በፍሪሲዮን መንፏቀቅ ብቻ ነው። የቆሻሻው ጭማቂ እየተንጠባጠበ፣ ጥንብ አንሣዎቹ ከላይ እየዞሩ፣ መስኮቱን ዝጋ ሲሉት መዝጊያው አይሠራም። እዚህ መንገድ ላይ ያለፈ ሰልጣኝ ሜዳ ላይ ከከረመው ይልቅ እግሩ ይበስላል። የማውቃቸው ጥሩ አሰልጣኞች ሆን ብለው ወደዚህ መንገድ ነው የሚያስወጡት፤ ባለቤቱ ከጠየቀ «መንገድ ተዘጋግቶ ነው» ይሉታል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ያ ጉብታ ተናደና ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የዚያ ሰፈር ልጆች ዛሬ አድገው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ይመጣሉ። በዚያ በኩል ስንነዳ ስለ ማርሽ አላወራም።

አሁን ወደ ዳገቱ። የአዲስ አበባን ዳገት ከባድ ያደረገው ተዳፋቱ ብቻ አይደለም፤ አየሩም ነው። ከተማው በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚያወጣው ጉልበት እዚህ ወደ ሩብ የሚጠጋ ይጎድለዋል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ደግሞ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ እየተፋ የባሰ ይደክማል። ስለዚህ ውጭ አገር በተቀረጸ ቪዲዮ ላይ «ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ ብቻ ልቀቅ፣ ራሷ ትነሳለች» ሲል ያያችሁት ሰውዬ አልዋሸም፤ የሚያወራው ግን ባሕር ዳርቻ ስላለ ሞተር ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ፣ አራት ሰው ጭኖ፣ በቸርችል ዳገት ላይ ቆሞ ይሞክራት።

ይህ ዳገት ከመጀመሪያውም ለመኪና አልራራም። በ1900 ዓ.ም. ቤዲ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በሲደሊ መኪና አዲስ አበባ ሲገባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ፊት የቀረበችው ያቺ መኪና ማርሽ ለመቀየር የምትጠይቀው ጥበብ ዛሬ ካለው ይከብድ ነበር። የማርሹን ጥርሶች ፍጥነት አስተካክሎ የሚያገናኘውን ሲንክሮናይዘር ካዲላክ ለገበያ ያወጣው ከዚያ 20 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ያለ እሱ ሹፌሩ ማርሽ ዝቅ ሲያደርግ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ወደ ፎሌ ይመልሳል፣ ይለቃል፣ ነዳጅ ይሰጣል፣ እንደገና ይረግጣል፣ ከዚያ ነው ማርሹ የሚገባው። ያረጁ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌሮች ዛሬም ቪትዝ ሲነዱ ሳያስቡት ሁለት ጊዜ ይረግጣሉ። ወጣቶቹ ይስቁባቸዋል። እኔ ግን አንዱ እንዲህ ሲያደርግ ካየሁ ጋቢና ተቀምጬ እንቅልፍ ቢወስደኝ አልፈራም።

ዳገት ላይ መነሳትን ሁለት ዓይነት አድርገን እናስተምራለን፤ አንዱን ብቻ የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው በእጅ ፍሬን ነው። ፍሬኑ ይሳባል፣ አንደኛ ይገባል፣ ነዳጅ ከደልዳላው ቦታ ይልቅ ጨመር ይደረጋል፣ ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ይመለሳል። መያዙ የሚታወቀው መኪናዋ ከኋላዋ ዝቅ፣ ከፊቷ ቀና ስትል ነው። ያን ሳያዩ የእጅ ፍሬን መልቀቅ ከኋላ የቆመውን ሚኒባስ ለመሳም መሄድ ነው። ሁለተኛው ያለ እጅ ፍሬን ነው፤ ቀኝ እግር ፍሬን ላይ ሆኖ ግራው ፍሪሲዮኑን እስኪይዝ ይመልሳል፣ ከዚያ ቀኙ ቶሎ ወደ ነዳጁ ይሻገራል። ታክሲ ሹፌር የሚያደርገው ይህን ነው። ጀማሪ ግን በመጀመሪያው ይጀምር። ብዙ የማሰልጠኛ መኪኖች ላይ የእጅ ፍሬኑ በደንብ ስለማይዝ ደግሞ ሰልጣኙ ከመነሳቱ በፊት ራሱ ይሞክረው፤ ገመዱ የላላ የእጅ ፍሬን የሚገኝ ነገር ነው፣ የሚያሳስበውም ማንንም አይደለም።

አንዲት ዘግየት ብላ የመጣች ሰልጣኝ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ የምትመጣ እናት፣ ዳገት ላይ መኪናዋ ደጋግማ ጠፋችባትና ተናደደች። እኔ ከእሷ በዕድሜ ባንስም አሰልጣኟ ነኝና ጋሼ ትለኛለች፤ እኔም እትዬ እላታለሁ።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ነው የለቀቅሁት፤ ለምን ይጠፋብኛል?»

«ቀስ ብለው ነው የጀመሩት እትዬ። ሊይዝ ሲል ግን ወረወሩት።»

«መያዙን እንዴት ልወቅ?»

«ሞተሩ ይነግርዎታል። ነዳጅ ሳይቀንሱ ድምፁ ከወረደ፣ ያዘ ማለት ነው። ያኔ እግርዎን አያንቀሳቅሱ፤ መኪናዋ ከሄደች በኋላ ይጨርሱት።»

ያን ቀን ሚኒሞውን አስተካክዬ ነበር የመጣሁት፤ ለዚህ ነው ደጋግማ የጠፋችባት። ሌላው አሰልጣኝ ሰልጣኝህን ለምን ታስቸግራታለህ ብሎ ሳቀብኝ። እሷ ግን ያን ዳገት ከዚያ ወዲህ አልፈራችውም።

ፈቃድ ካገኙ በኋላ የሚበላሹ እግሮችም አሉ። አንደኛው ሲነዳ የግራ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ ይሄዳል፤ ክብደቱ ብቻ ሸራውን ያንሸራትታል፣ ኩሽኔቱንም ይበላል። ሌላው ዳገት ላይ መብራት ይዞት ሲቆም ፍሬን መርገጥ ይሰንፍና በፍሪሲዮንና በነዳጅ መኪናዋን አንጠልጥሎ ይጠብቃል። እየኮራ ነው የሚያደርገው፤ ጎበዝ መስሎት። ሜዳ ላይ ባለቤቱ የጠበቀው ሸራ እዚህ የራሱ ሆኖ ይቃጠላል። ይህን ሁለት ነገር የተወ ሰው መካኒኩን በዓመት በዓል ብቻ ያገኘዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን በፎሌ መውረድ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የተለመደ ነው፤ ሚኒባስ ሹፌሩም፣ አይሱዙውም ያደርገዋል፣ ሰልጣኙም አይቶ መጥቶ ይጠይቀናል። በካርቡሬተር ዘመን ለነገሩ ትንሽ መሠረት ነበረው። የዛሬ ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ግን ማርሽ ገብቶ፣ እግር ከነዳጁ ተነስቶ ቁልቁል ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ይቆርጡታል፤ ፎሌ ላይ ከሆኑ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ስለዚህ ይባክናል እንጂ አይቆጠብም። ይህ ግን ትንሹ ጉዳይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ያን ሁሉ ቁልቁለት በፎሌ የወረደ ሰው የሚተማመነው በፍሬን ሸራ ብቻ ነው፤ ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል፣ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ሞተሩን እንደ ፍሬን የሚያሠራው ዝቅተኛ ማርሽ ነው። ከድልድዩ ማዶ ደጀን ድረስ የወጣበትን ማርሽ መልሶ ሲወርድም የሚይዝ ሰው በዚህ መንገድ ላይ አይጠፋም። ይህን ቆሼ ላይ ቁልቁለት ስለማናሳይ በቃል እንነግራቸዋለን፤ በቃል የተነገረ ማርሽ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ትዝ አይልም። በእኔ እምነት የስልጠናችን ትልቁ ጉድለት ከዘንጉም ከሚኒሞውም በላይ ይህ ነው።

አሁን ሜዳው ላይ የሚናፈሰው ወሬ ሌላ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ (ዶ/ር) በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ከተናገሩ ወዲህ ቢዋይዲና ቮልስዋገን አይዲ 4 በቀለበት መንገዱ ላይ በዝተዋል። ፍሪሲዮን የላቸውም። ካምቢዮም በምናውቀው መልኩ የላቸውም፤ ያላቸው አንድ የማይቀየር ማርሽ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ነው፤ አየር አይፈልግምና የአዲስ አበባ ከፍታ አይደክመውም። ቸርችል ላይ እኛ የምንለማመደውን ነገር ሁሉ እነሱ ሳያውቁት ያልፋሉ። ቀልዱ ደግሞ የምናስተምረው የት እንደሆነ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከተመረቀው፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ከተሠራው የረጲ ጣቢያ ጭስ ማውጫ አጠገብ። ከእሱ ሥር ቆመን ስለ ፍሪሲዮን ሸራ እንከራከራለን።

«ታዲያ ማንዋል ለምን እማራለሁ?» የሚሉ መጥተዋል። ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ቢ 197 የሚባል መንገድ ከፍታለች፤ ሰልጣኙ ቢያንስ አሥር የ45 ደቂቃ ትምህርት በማንዋል ወስዶ ማሠልጠኛው ከመዘነው በኋላ ዋናውን ፈተና በአውቶማቲክ ይፈተናል፣ ፈቃዱ ግን ማንዋልም ያስነዳዋል። ሐሳቡ ብልህ ይመስለኛል፤ ማንዋሉን ሙሉ በሙሉ አልጣሉትም፣ የሙጥኝም አላሉትም። ለእኛ አገር ግን ጊዜው ገና ነው። ሰልጣኞቼ ሥራ የሚያገኙበት ሚኒባስ ማንዋል ነው፤ አይሱዙው ማንዋል ነው፤ ከክልል ከተማ የሚመጣው የጓደኛ መኪና ማንዋል ነው። እገዳው አዲስ የሚገቡትን እንጂ መንገድ ላይ ያሉትን አላስወጣም፤ አሮጌ መኪና ደግሞ እዚህ አገር በቀላሉ አይሞትም። ማንዋል የሚችል ኤሌክትሪኩን በአንድ ቀን ይለምደዋል። ኤሌክትሪክ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ታሞ የተኛ ሰው ሐኪም ቤት ለማድረስ የጎረቤት ዲኤክስ ቁልፍ ሲሰጠው መቆሙ አይቀርም።

ይሁንና ከማንዋል ወደ ኤሌክትሪክ ሲሻገሩ የሚደርስ አንድ ነገር አለ፤ ሻጮቹም እኛም ብዙ አንናገረውም። የእነዚያ መኪኖች የፍሬን ፔዳል ሰፊ ነው። ግራ እግር ሲደነግጥ ፍሪሲዮን ፍለጋ ይሄድና ፍሬኑን ያገኛል። ፍሪሲዮን ደግሞ የሚረገጠው እስከ ወለሉ ነው። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ግንባሩ ዳሽቦርዱ ላይ ያርፋል፤ ከኋላ ያለው ታክሲ ደግሞ መከላከያው ላይ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግራ እግራችሁን ወደ ወንበሩ ሥር ሳብ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከዚያ እንዳይወጣ ንገሩት።

በአንዳንድ ማሰልጠኛ አሁን አውቶማቲክ መኪና ገብቷል። ሚኒሞ ማንሳት አያስፈልግም፣ ሸራ አይበላም፣ ካምቢዮ በየጊዜው አይወርድም፣ እኔም ጋቢና ተቀምጬ እግሬን አላደክምም። ሆኖም የሰዓቱ ክፍያ ከማንዋሉ ሲያንስ አላየሁም። ለምን እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁት። እኔ ነገርኳችሁ እንዳትሉ ብቻ።